ሲረግጡት የሚሰምጥ ግቢ

ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት የአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች በአንዱ ነው። በማዕድ ቤቱና በውጭው ቧንቧ መካከል ያለችው ቦታ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ብትሆን ነው፤ ላይዋ እንደ ሌላው ግቢ ሰርዶ ለብሷል። ውሃ አቁራ አትታይም፤ ሽታም የላትም። ልብስ ሊያሰጣ የወጣ ሰው ግን እዚያ ጋ ሲደርስ ተረከዙ ሰመጥ ይላል፤ ሲመለስም ጫማው ጭቃ ይዟል። ወሩ ጥር ነው። ክረምቱ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል።

የቤቱ ልጅ ዲጂኖ ይዞ ቆሟል። «እማዬ፣ ከፍተን እንየውና ይለይለት» ይላል። ጡረታ የወጡት መምህርት እናቱ አልተዋጠላቸውም። «ከሥር ምን እንዳለ ሳታውቅ ነው የምትቆፍረው? ቧንቧውን ብትበሳው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።»

የተጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ቦርሳውን ሳይከፍት ቦታዋን ዞር ዞር ብሎ ረገጣት። ከዚያ «እትዬ፣ ውሃ በሳምንት መቼ መቼ ነው የሚመጣላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። የሙያው ብስለት ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ግቢው ለስልሶ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ምን ገባበት?» ነው፤ ወዲያው ይቆፍራል፣ አለዚያም ጠጠር ያፈስበታል። «መቼ መቼ ነው የሚለሰልሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሥር ያለው ውሃ ግን ከየትም ይምጣ የራሱ ቀን አለው። የጣሪያው ከዝናቡ ጋር፣ የቧንቧው ከፈረቃው ጋር፣ የፍሳሹ ከቤተሰቡ ውሎ ጋር ይሄዳል። ቀኑን የለየ ሰው መነሻውን ለማግኘት ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

አፈር አቅም የሚያጣው መቼ ነው?

ደረቅ አፈር ሰው ተሸክሞ የሚቆመው ቅንጣቶቹ ተደጋግፈውና ተፋትገው ስለሚያያዙ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ውሃ ሲሞላ ከላይ የሚመጣው ክብደት ከፊሉ ውሃው ላይ ያርፋል፤ ውሃው ደግሞ ቅንጣቶቹን እየገፋ መያያዛቸውን ያላላዋል። አፈሩ ያው አፈር ሆኖ ሳለ ጉልበት ያጣል። ይህን በስሌት ያስቀመጠው ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ካርል ቴርዛጊ ነው። በኢስታንቡል ሲያስተምር ካደረጋቸው ሙከራዎች ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመው መጽሐፍ የአፈር ሜካኒክስ ለሚባለው የምሕንድስና ዘርፍ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬ ፎቅ ከመሠራቱ በፊት የሚደረገው የአፈር ምርመራም ከዚሁ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

ሁለተኛው የመለስለስ መንገድ ከዚህ ይለያል። አፈሩ ራሱ ደህና ሆኖ ከሥሩ ባዶ ሲሆን ነው። የተደፈነ ጉድጓድ፣ የበሰበሰ ጉቶ፣ የፍልፈል ዋሻ ወይም ውሃ ቀስ በቀስ አጥቦ የወሰደው አፈር ባዶ ቦታ ይተዋል። ላዩ በሣር ሥርና በደረቀ ቅርፊት ተይዞ ለጊዜው ይቆማል።

ሁለቱን በእግርም በጆሮም መለየት ይቻላል። ውሃ የጠገበ አፈር ሲረገጥ ድምፅ የለውም፤ ዱካው ውስጥ ውሃ ያዣል፤ ሲጨብጡት ከእጅ ጋር ይጣበቃል። ከሥሩ ባዶ የሆነው ደግሞ ላዩ ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ሲረገጥ ድም ድም ይላል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ዙሪያውን ክብ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ምልክት የታየበት ቦታ ላይ ቆሞ መመርመር አይገባም፤ ልጆችንም ማራቅ ያስፈልጋል።

ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ከዲጂኖ በፊት የሚያነሱት የሰው ቁመት ያህል የተቆረጠ ቀጥ ያለ 8 ቁጥር ፌሮ ነው። ከለሰለሰው ቦታ ውጭ፣ ጠንካራው መሬት ላይ ቆመው በእጃቸው ብቻ ይጫኑታል። ደህና መሬት ላይ ትንሽ ገብቶ ይቆማል። ውሃ የጠገበ ሸክላ ውስጥ እየከበደ፣ ግን ሳይቆም ይወርዳል፤ ሲወጣም ጭቃ ለብሶ ነው። ባዶ ካገኘ ደግሞ ድንገት እጅን ጥሎ ይሰምጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ የመብራት ገመድ በዚያ እንደማያልፍ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በብዙ ግቢ ለውጭ መብራትና ለሰርቪስ ቤት ተብሎ የተቀበረ ገመድ አለ፤ ፌሮ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል።

ፈረቃና ቆጣሪ

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ ብዙ ሰፈር የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ለነዋሪው ችግር ቢሆንም ፍሳሽ ለሚፈልግ ሰው ግን መረጃ ነው። መስመሩ ባዶ በሆነበት ቀን የተበሳ ቧንቧ ምንም አያፈስም፤ ውሃው በመጣ ሌሊት መሬቱ ይርሳል፤ በማግስቱ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ ባሉት ቀናት እየጠነከረ ይሄዳል። ክረምት ከበጋ የማይል፣ ከፈረቃው ጋር የሚመጣና የሚሄድ ልስላሴ የቧንቧ ነው ለማለት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም።

መምህርቷ የማስተማር ልማዳቸው አልተዋቸውም። ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ውሃ የመጣበትን ቀን በቀይ እስክርቢቶ እየከበቡ፣ በየማለዳው በአንድ ቀጭን ዱላ ያንኑ ቦታ ይወጉ ጀመር። ውሃ በሌለበት ሰሞን ዱላው አንድ ጋት ያህል ይገባል፤ ውሃ ባደረ ማግስት ስንዝር ያልፋል። ልጁም ካላንደሩን አይቶ ዲጂኖውን ወደ ዕቃ ቤት መለሰ።

ሠራተኛው ተመልሶ ሲመጣ ውሃ ባለበት ማታ ነበር። የቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ ተዘጉ፤ የሮቶው መሙያም ተዘጋ። ከዚያ በእጅ ባትሪ ቆጣሪው ላይ ጎንበስ አሉ። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮከብ መሳይ መንኮራኩር ውሃ ካላለፈ ፀጥ ማለት አለባት። እሷ ግን ቀስ እያለች ትዞራለች። ቁጥሩን ጻፉ፤ አንድ ሰዓት ቆይተው ደግመው አነበቡ። 10 ሊትር ያህል አልፏል።

10 ሊትር በሰዓት ትንሽ ይመስላል። መስመሩ ሳይቋረጥ ውሃ ቢኖረው ግን በቀን 240 ሊትር፣ በወር ከ7 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል ውሃ ከመሬት በታች ሲሄድ ድምፅ አያሰማም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው በከንቱ አይደለም።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የቆየ የብረት ቧንቧ ነው። ጥርስ የወጣለት መጋጠሚያው ከሌላው ክፍል ስለሚሳሳ ዝገት ቀድሞ የሚበላው እሱን ነው። ፈረቃውም ያባብሰዋል። ባዶ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲመለስ አየሩን እየገፋ በኃይል ይመጣል፤ ይህ ግፊት የደከመውን መጋጠሚያ በየሳምንቱ ይመታዋል።

ከክፍያው የሚብስ ነገር ደግሞ አለ። ውሃው ሲሄድ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ በዚያን ጊዜ ውሃ ያወጣው ቀዳዳ በአካባቢው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ቀዳዳው ከፍሳሽ መስመር ወይም ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ በማግስቱ ሮቶው የሚሞላው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ለዚህ ነው የቧንቧ ልስላሴ «ዝም ብሎ ውሃ ነው» ተብሎ የማይተወው።

የጣሪያ፣ የፍሳሽና የምንጭ

የጣሪያ ውሃ ቀኑ ግልጽ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዘንቦ ባደረ ቁጥር ነው። ብዛቱ ግን ሰውን ያታልላል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን ሁሉ ቢሰበስብ 120 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ 12 ጊዜ የሚሞላ ነው። አሸንዳው ይህን ሁሉ አንድ ጥግ ላይ የሚያወርደው ከሆነ ያ ጥግ ቢለሰልስ አይገርምም። የላይኛው ጎረቤት ግቢውን በሲሚንቶ ያስለበሰው በቅርቡ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ እሱ ዘንድ ይሰርግ የነበረው ውሃ አሁን ወደ ታችኛው ይወርዳል። ነገሩ ሽምግልና ከመድረሱ በፊት አንድ ቦይ ቢማከሩበት ይቀላል።

የፍሳሹ ቀን የቤተሰቡ ቀን ነው። ሴፕቲክ ታንክ ደረቁን ከሥር ያስቀራል፤ ፈሳሹን ደግሞ በድንጋይ ወደተሞላው ማስረጊያ ጉድጓድ ያሳልፋል። ታንኩ ሳይመጠጥ ሲቀር ደረቁ አብሮ ያልፍና የማስረጊያውን ግድግዳ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይመጣል። ልብስ በታጠበበት ቅዳሜ፣ እንግዳ በበዛበት የበዓል ሰሞን መሬቱ ይለሰልሳል፤ ሽንት ቤቱም ሲለቀቅ ያጉረመርማል። በበጋ ሁሉም ሣር ሲደርቅ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ሰርዶው ከልክ በላይ ለምልሞ ከታየ ከሥሩ የሚመግበው አለ ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የምግብ ቀለም ሽንት ቤት ውስጥ ጨምሮ ብዙ ውሃ መልቀቅና ቀለሙ ግቢው ላይ ብቅ ይል እንደሆነ በሚቀጥሉት ቀናት መጠበቅ ነው።

ምንጭ ከሁሉም ይዘገያል። አዲስ አበባ ራሷ በፍልውሃ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ተዳፋትም ምንጭ የሚያጣ አይደለም። የክረምቱ ዝናብ በተሰነጣጠቀው ዓለት ውስጥ አልፎ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚወስድ መሬቱ የሚለሰልሰው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚመሰክረው ተክል ነው። ማንም ሳይተክለው ቄጠማ ወይም እንግጫ የበቀለበት ግቢ ለረጅም ወራት እርጥበት የማይለየው መሆኑን ያሳያል፤ አንድ ሌሊት የፈሰሰ ቧንቧ ቄጠማ አያበቅልም። ባሕር ዛፍ የተቆረጠበት ግቢም በሚቀጥለው ዓመት ረግረግ ሊሆን ይችላል። ዛፉ በየቀኑ ይመጠው የነበረው ውሃ አሁን የሚወስደው የለም፤ የቀረው ጉቶም ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ጥቁር አፈር ላይ ሲሆን

በቦሌ፣ በመካኒሳ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው «የእኔ ግቢ በሙሉ ነው የሚለሰልሰው» ቢል አይፈረድበትም። እነዚህ አካባቢዎች በብዛት የመረሬ አፈር ናቸው። በኢትዮጵያ ይህ ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ እጅግ ስስ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ ውሃ በየንብርብሩ መካከል እየገባ ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በግንቦት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረው መሬት በነሐሴ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ይሆናል። አንዴ ካበጠ ውሃ አያሳልፍም፤ ማስረጊያ ጉድጓድም በዚህ አፈር ላይ ክረምት ሲገባ ሥራ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

ገበሬው ይህን ከመሐንዲሱ በፊት ያውቀዋል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡ ውሃውን ያጠነፍፋሉ። ሽንብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ፣ አፈሩ ይዞት በቀረው እርጥበት ይዘራሉ። የከተማው ግንበኛ መልስ ሌላ ነው፤ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ገረጋንቲ ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ከሌላው ተለይቶ ከለሰለሰ ታዲያ አፈሩ ተጠያቂ አይደለም፤ አፈሩ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንድነት ይለሰልስ ነበር።

ውሃው የት ገባ?

ወደ መምህርቷ ግቢ እንመለስ። ካላንደሩም ቆጣሪውም ተስማምተዋል፤ ቧንቧ ነው። ሠራተኛው ግን አልረካም። በሰዓት 10 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በዚህ ግቢ ቀይ ሸክላ ላይ ውሃ ማቆር፣ ቢያንስ ወደ ታችኛው አጥር መዝለቅ ነበረበት። «ይህ ሁሉ ውሃ የት እየገባ ነው?» እያለ ፌሮውን ከዳር ወደ መሐል ይወጋ ጀመር። አንዱ ቦታ ላይ ፌሮው እጁን ጥሎ እስከ ግማሽ ሰመጠ።

መልሱ የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። የቆዩት ጎረቤት በበራቸው ብቅ ብለው «እዚያ ጋ እኮ የድሮው ሽንት ቤት ነበር» አሉ። «በደርግ ጊዜ ሌላ ሲሠራ አፈር አልብሰው ተዉት።»

«ጋሼ፣ በምን ነበር የደፈኑት?» አለ ሠራተኛው።

«በምን ይደፈናል? ያገኘነውን ነዋ! አመድ፣ የፈረሰ ጭቃ ቤት፣ ቆሻሻ።»

በአዲስ አበባ የቆዩ ግቢዎች ይህ ታሪክ የተለመደ ነው። በርካታ ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አፉ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሞ በጭቃ ይመረጋል። ሲሞላ ወይም ቤቱ ሲታደስ የተገኘው ነገር ይጣልበትና ይረሳል። የተጣለው እየበሰበሰ መጠኑ ይቀንሳል፤ ግንዱን ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። በላዩና በሥሩ መካከል ባዶ ቦታ ይፈጠራል። እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ሊቆም ይችላል። እዚህ ግቢ ሚዛኑን ያፋለሰው ቧንቧው ነው። የሚያፈሰው ውሃ ወደ ጉድጓዱ እየወረደ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አፈር ይዞ ይሄዳል። ውሃው ላይ ላይ ያልታየው መግቢያ ስላገኘ ነው። ቧንቧው ብቻ ተጠግኖ ቢተው መሬቱ ይደርቅና የዳነ ይመስል ነበር፤ ባዶው ግን ከሥር ይቆያል፤ የሚቀጥለው ክረምት ደግሞ የሚጠብቀው ነገር የለም።

የሌላ አካባቢ ሰው በዚህ ቦታ ሌላ ነገር ሊጠረጥር ይችላል። በሐረርጌ ማሽላ የሚከተትበት የእህል ጉድጓድ ዛሬም አለ፤ ተረስቶ የቀረ እንደሆነ ያው ባዶ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ባለው አካባቢ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራው ልል አፈር ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ በስንጥቅ ውስጥ ታጥቦ ይወርድና መሬቱ በድንገት ይከፈታል። በደጋው ደግሞ ፍልፈል አለ፤ እሱ ግን ራሱን አይደብቅም፤ የቆፈረውን አፈር በየቦታው ቆልሎ ይተዋል።

ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ለብቻው መታየት አለበት። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋታማ ከተማ የታችኛው ክፍል ለስልሶ የላይኛው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከተሰነጠቀ፣ አጥር ወይም ምሰሶ ካዘመመ፣ ነገሩ የግቢ ጉዳይ አይደለም፤ መሬቱ በሙሉ መንሸራተት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ፌሮም ዲጂኖም አያሻውም፤ ቤቱን ለቆ መውጣትና ለወረዳው ማሳወቅ ነው።

ከመድፈን በፊት

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ መድፈን ነው። አንድ መኪና ጠጠር ማስደፋት ቀላል ነው፤ ችግሩ ማስረጃውንም አብሮ መቅበሩ ነው። ከሥሩ ውሃ እየመጣ ከሆነ ጠጠሩም ይሰምጣል፤ ከሥሩ ባዶ ከሆነ ክብደቱ መደርመሱን ያፋጥነዋል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ውሃውን ማቆም፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ መጨረሻ መሙላት ነው።

ውሃውን የሚያቆመው ማን እንደሆነ የሚወስነው በአብዛኛው ቆጣሪው ነው። ከቆጣሪው ወደ መንገድ ያለው መስመር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ሲሆን፣ ከቆጣሪው ወደ ቤት ያለውን የሚያሠራው ደንበኛው ነው። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው ከቆመና መሬቱ በፈረቃው ቀን ከረጠበ ፍሳሹ ከቆጣሪው በፊት ነውና ለባለሥልጣኑ ማመልከት ነው። በዚህ ጊዜ ቀኖቹ የተከበቡበት ካላንደር ይዞ መሄድ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

የድሮ ጉድጓድ ከሆነ ማንም ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። የሚያፍነውና የሚመርዘው ጋዝ በዓይን አይታይም፤ ሊያወጣ የገባ ሁለተኛ ሰው እዚያው ይቀራል። ክብሪት መጫርም አይገባም። ፈሳሽ ካለው ይመጠጣል። የበሰበሰው ግንድና ክዳን ከዳር ሆኖ ይነሳል። ከዚያ ድንጋይና ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተሞላ እያንዳንዱ ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻም ላዩ ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ ወይም በኮንክሪት ይዘጋል። አመድና ቆሻሻ የሞላበት ሰው ችግሩን ለልጆቹ እያስተላለፈ ነው።

የመምህርቷ ግቢ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ቧንቧው ተቀይሮ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ጉድጓዱም በድንጋይና በገረጋንቲ ተሞላ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። የጉድጓዱን መሐል ከማዕድ ቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ለክተው፣ አዲሱ ቧንቧ የሚያልፍበትንና የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን አብረው ሥለው ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጡት። የይዞታ ካርታ የግቢውን ድንበር ያሳያል እንጂ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። ከሥር ያለውን የሚያውቁት የኖሩበት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ሲሸጡ፣ ሲያርፉ ወይም ሰፈር ሲቀይሩ ዕውቀቱ አብሮ ይሄዳል። ቤት የሚገዛ ሰው ስለ ካርታውና ስለ ውዝፍ ግብር እንደሚጠይቀው ሁሉ «የድሮው ሽንት ቤት የት ነበር?» ብሎ ሻጩንም ጎረቤቱንም ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለበትም። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን ሲከፈልበት ውድ ነው።